ይህን ፓኬጅ ማን አመጣው?

ቶሮንቶ ውስጥ ቀን ባንክ ቤት ወይም ስታርታፕ ኮድ እየጻፋችሁ፣ ማታ ደግሞ ለማኅበሩ ወይም ለቤተ ክርስቲያኑ ድረ ገጽ በነፃ የምትሠሩ ከሆነ ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው። አንድ ቀን ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ፕሮጀክታችሁ ውስጥ እገሌ የተባለ ፓኬጅ የደኅንነት ቀዳዳ አለበት ይላል። ስሙን ሰምታችሁት አታውቁም፤ እናንተም አልጫናችሁትም። ግን አለ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሮጦ የሚፈልገው ፓኬጁ ምን እንደሚሠራ ነው። እኔ የምመክራችሁ ከዚያ በፊት ሌላ ነገር እንድትጠይቁ ነው፦ ማን አመጣው? የሚስተካከለው ያመጣው ላይ ነውና። ፓኬጁን ብቻ ብታጠፉት ያመጣው አካል በሚቀጥለው ጊዜ መልሶ ይዞት ይመጣል።

ከታች የምጠቅሳቸውን ትእዛዞች ሲነበቡ እንደሚሰሙት ጽፌአቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ የሚተየቡት ግን በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው። «ሁለት ሰረዝ» ባልኩበት ቦታ ሰረዞቹ ከሚቀጥለው ቃል ጋር ተጣብቀው ይጻፋሉ።

በራሳችሁ ላፕቶፕ ጀምሩ

መለማመጃው ቢበላሽም የማያስደነግጣችሁ ነገር ይሁን። ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ካላችሁ የአማርኛ መጻፊያው ጥሩ ምሳሌ ነው። አይባስ-ኤም17ኤን የሚባለውን ፓኬጅ ስትጭኑ አንድ ነገር ብቻ የጫናችሁ ይመስላችኋል። የላቲኑን ቁልፍ ወደ ፊደላችን የሚለውጠው ሰንጠረዥ ግን ያለው ኤም17ኤን-ዲቢ በሚባል ሌላ ፓኬጅ ውስጥ ነው፤ ሰንጠረዡን አንብቦ ሥራ ላይ የሚያውለውም ራሱን የቻለ ላይብረሪ ነው። (ሰንጠረዡ የሚከተለው ሴራ የተባለውን ስልት ነው። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያዘጋጁት፣ ኢሜይል ከላቲን ፊደል ሌላ በወጉ በማያስተላልፍበት ጊዜ ሰው አማርኛ ይጻጻፍበት የነበረ ስልት ነው።) ስለዚህ ዲስክ ለማጽዳት ተነስታችሁ «ይህን ደግሞ ማን ጫነው?» ብላችሁ ኤም17ኤን-ዲቢን ብታጠፉት አማርኛችሁም አብሮ ይሄዳል።

መጀመሪያ ወደፊት ጠይቁ፦ «አፕት ዲፔንድስ» ብላችሁ የአይባስ-ኤም17ኤንን ስም አስከትሉ። የሚወጣው ዝርዝር በእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ ላይ የግንኙነቱን ዓይነት ይነግራችኋል። «ዲፔንድስ» ካለ ያለዚያ ፓኬጅ አይሠራም ማለት ነው። «ሪኮሜንድስ» ካለ በነባሪው አብሮ ይጫናል፣ ያለ እሱ ግን ዋናው ሥራ አይቆምም። «ሰጀስትስ» አስተያየት ብቻ ነው፤ እለፉት።

ቀጥሎ ወደኋላ ጠይቁ፦ «አፕት አርዲፔንድስ»፣ ከዚያ የኤም17ኤን-ዲቢ ስም፣ ከዚያ ሁለት ሰረዝ «ኢንስቶልድ»። የመጨረሻዋን ቃል አትርሱ። ካልተጻፈች እናንተ ማሽን ላይ ያለውንና የሌለውን ሳይለይ፣ ማከማቻው ውስጥ ያንን ፓኬጅ በሆነ መንገድ የሚጠቅሰውን ሁሉ ይዘረግፍባችኋል። ዝርዝሩ አጥሮ ቢመጣም ቶሎ አትመኑት። ይህ ትእዛዝ «ያለ እሱ አልሠራም» የሚለውንና «ቢኖር ደስ ይለኛል» የሚለውን ቀላቅሎ ነው የሚያወጣው። አንድ ፓኬጅ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ስለተገኘ ብቻ የግድ ይጎዳል ማለት አይደለም።

ቁርጡን ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው «አፕቲቲውድ ዋይ» ነው፤ ኡቡንቱ ላይ አስቀድሞ ስለማይገኝ ለብቻው ትጭኑታላችሁ። እናንተ በእጃችሁ ከጫናችሁት ተነስቶ እስከ ጠየቃችሁት ድረስ ያለውን ሰንሰለት መስመር በመስመር ያሳያችኋል። ሁለተኛው፣ እኔ የምወደው፣ የማስመሰል ሙከራ ነው፦ «አፕት-ጌት»፣ አንድ ሰረዝና «ኤስ»፣ ከዚያ «ሪሙቭ» እና የፓኬጁ ስም። ምንም ነገር ሳይነካ፣ ብታጠፉት ምን ምን አብሮ እንደሚነቀል ይዘረዝርላችኋል። የአስተዳዳሪ ፈቃድ እንኳን አይጠይቅም።

ፌዶራ ላይ ያላችሁ «ዲኤንኤፍ ሪፖኩዌሪ»ን ሁለት ሰረዝ «ኢንስቶልድ» እና ሁለት ሰረዝ «ዋትሪኳየርስ» ጨምራችሁ ተጠቀሙ። ማክ ላይ በሆምብሩ የምትጭኑ «ብሩ ዩዝስ» በሉና ሁለት ሰረዝ «ኢንስቶልድ» ጨምሩ። ጥያቄው ያው ነው።

ወደ ፕሮጀክታችሁ ግቡ

የጃቫስክሪፕት ሰዎች ይህን ትምህርት በውድ ነው የተማሩት። ነገሩ የተነሳውም ከዚሁ ከቶሮንቶ በስተምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ከዋተርሉ ነው። ኪክ የሚባለው የመልእክት መተግበሪያ ኩባንያ መቀመጫው እዚያ ነበር። ኤንፒኤም ላይ «ኪክ» በሚል ስም ፓኬጅ የነበረው ገንቢ ስሙን እንዲለቅ ኩባንያው ጠየቀው፤ እምቢ ሲል የኤንፒኤም አስተዳዳሪዎች ስሙን ወስደው ለኩባንያው ሰጡ። ገንቢው ተናዶ እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 2016 ከ250 በላይ ፓኬጆቹን በሙሉ አነሳ። ከነዚያ አንዱ ሌፍት-ፓድ ነበር፦ ጽሑፍ በግራ በኩል በባዶ ቦታ የሚሞላ፣ 11 መስመር ኮድ። ቤብልን የመሳሰሉ ትልልቅ መሣሪያዎች በሌሎች ፓኬጆች በኩል ይጠቀሙበት ስለነበር ሌፍት-ፓድን በስሙ የማያውቁ ሰዎች ፕሮጀክት በየአገሩ መገንባት አቃተው። ኤንፒኤም በሰዓታት ውስጥ መልሶ ባያወጣው ኖሮ ሥራው በዚያው ቆሞ ይቀር ነበር።

እናንተ ፕሮጀክት ውስጥ እንዲህ ያለውን ለማየት «ኤንፒኤም ኤልኤስ» ብቻውን አይበቃም። በአዲሶቹ ቨርዥኖች እሱ የሚያሳየው በቀጥታ የጠራችኋቸውን ነው። ሁለት ሰረዝ «ኦል» ስትጨምሩ ዛፉ ሙሉ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን እስክሪኑን ሞልቶ የሚያልፍ ስለሆነ ለዓይን ከመክበዱ በቀር እምብዛም አይረዳም። የሚረዳው «ኤንፒኤም ኤክስፕሌይን» ነው። «ኤንፒኤም ዋይ» ብትሉትም ያው ነው።

ሚኒሚስት የሚባለውን ትንሽ ፓኬጅ እንውሰድ። በ1.2.6 የተደፈነ ቀዳዳ ነበረበት። ትእዛዙን ስትሰጡ ከላይ የሚወጣው የሚኒሚስት ስምና ፕሮጀክታችሁ ውስጥ የተቀመጠው ቨርዥን ነው፤ 1.2.5 ነው እንበል። ከሥሩ ገባ ብሎ ማን እንደጠራው ይጻፋል፦ ኤምኬዲአይአርፒ፣ ቨርዥን 0.5.5። ከስሙ አጠገብ የጠየቀው ቁጥር አለ፤ 1.2.5፣ ፊቱ ላይ እንደ ቆብ ያለች ምልክት ተደርጎበት። ዓይናችሁን እዚያች ምልክት ላይ አድርጉ። ትርጉሟ «ከ1.2.5 ጀምሮ 2.0.0 እስኪደርስ ያለውን ሁሉ እቀበላለሁ» ነው። እንግዲያው ኤምኬዲአይአርፒ አዲሱን ሚኒሚስት አልከለከለም፤ አሮጌው ላይ ያቆያችሁ የራሳችሁ የመቆለፊያ ፋይል ነው። «ኤንፒኤም አፕዴት ሚኒሚስት» ትላላችሁ፣ ያበቃል። ቆቧ ባትኖርና ቁጥሩ ብቻውን ቢቆም ኖሮ ግን ያመጣውን ፓኬጅ ማሳደግ፣ ካልሆነም በፓኬጅ ጄሰን ፋይላችሁ ውስጥ «ኦቨርራይድስ» በሚለው ክፍል ማስገደድ ነበረባችሁ። ወደታች መውረዳችሁን ቀጥሉ፤ «ሩት ፕሮጀክት» የሚለው መስመር ላይ ስትደርሱ እናንተ ራሳችሁ የጻፋችሁት ስም ላይ ደርሳችኋል።

አንድ ሰው ቡድናችሁ ውስጥ «እኔ ጋ ይሠራል» ካለ ደግሞ መጀመሪያ የመቆለፊያ ፋይሉ በጊት ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ፣ ከዚያ ሁለታችሁም «ኤንፒኤም ሲአይ» ብላችሁ ጫኑ። ይህ ትእዛዝ በፋይሉ ከተጻፈው ውጭ ዝንፍ አይልም።

ፓይተን ላይ «ፒፕ ሾው» ብቻውን ብዙ ይናገራል። ከሚያወጣቸው መስመሮች መጨረሻ ላይ «ሪኳየርስ» እና «ሪኳየርድ-ባይ» የሚሉ አሉ፤ ሁለተኛው የእኛ ጥያቄ ነው። አንድ ደረጃ ብቻ ስለሚያሳይ ሰንሰለቱን እስከ ላይ ለማየት ፒፕዴፕትሪን ጫኑና ሁለት ሰረዝ «ሪቨርስ»፣ ሁለት ሰረዝ «ፓኬጅስ» ብላችሁ ስሙን ስጡት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ፒፕዴፕትሪ በነባሪው የሚያየው ራሱ የተጫነበትን ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት ነው፤ ሌላ ቦታ ጭናችሁት ከሆነ የሌላ ፕሮጀክት ዛፍ እያያችሁ ግራ ትጋባላችሁ። ሁለተኛ፣ ኮዱ ውስጥ የምትጠሩት ስምና የፓኬጁ ስም ላይመሳሰል ይችላል። «ያምል» ብላችሁ የምትጠሩት ፓኬጅ ስሙ ፓይያምል ነው፤ «ቢኤስ4» ደግሞ ቢውቲፉልሱፕ4 ነው። በመጀመሪያው ስም ፈልጋችሁ «የለም» ቢላችሁ አትመኑት።

ለቤተ ክርስቲያን የባሕረ ሐሳብ ወይም የአጽዋማት ማሳሰቢያ መተግበሪያ በፍላተር የምትሠሩ ካላችሁ አቡሻክር የሚባለውን የዳርት ፓኬጅ ሳታዩት አልቀራችሁም። «ዳርት ፐብ ዴፕስ» ብላችሁ ከሥሩ ምን ምን እንዳስገባ እዩ። ፒኤችፒ ላይ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር በአንደኛ ካሌንደር የምትሠሩም «ኮምፖዘር ዋይ» አላችሁ፤ ከዚያም የሚበልጠው ወንድሙ «ኮምፖዘር ዋይ-ኖት» ነው። ፓኬጁንና የምትፈልጉትን ቨርዥን ስትሰጡት ማሳደጉን የሚከለክላችሁ የትኛው ፓኬጅ እንደሆነ በስም ይነግራችኋል። የማኅበር ድረ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በበጎ ፈቃደኛ ነው፤ የጀመረው ሰው ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ከሄደ በኋላ የሚረከበው ሰው ቀድሞ ማወቅ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ጃቫ፣ ባንክ ቤት ለገቡ

ቤይ ስትሪት አካባቢ ሥራ ያገኘ ሰው ጃቫ ማግኘቱ አይቀርም፤ ከጃቫ ጋር ደግሞ ሎግፎርጄ የተባለው የሎግ መጻፊያ ላይብረሪ ትዝታ አለ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ቀዳዳው ሲታወቅ የካናዳ ገቢዎች ኤጀንሲ የኦንላይን አገልግሎቱን ለቀናት ዘጋ፤ የኩቤክ መንግሥት ደግሞ 3,992 ድረ ገጾችን ለጥንቃቄ አጠፋ። ሁሉም ተጎድተው አልነበረም። የትኛው ውስጥ ሎግፎርጄ እንዳለ በቶሎ የሚያውቅ ስላልነበረ ነው። በጊዜው የክፍለ ሀገሩ የዲጂታል ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኤሪክ ኬር ፍለጋውን በመንግሥት ሕንፃዎች ሁሉ ባለ 60 ዋት አምፖል ያለባቸው ክፍሎች ስንት ናቸው ብሎ ከመጠየቅ ጋር አመሳስለውት ነበር።

ማቨን ላይ ጥያቄው «ኤምቪኤን ዲፔንደንሲ» ብሎ፣ ኮለን አድርጎ፣ «ትሪ» ይላል። ዛፉን በሙሉ አታውጡ፤ ሰረዝ፣ ትልቁ «ዲ»፣ ከዚያ «ኢንክሉድስ» ብላችሁ የእኩልነት ምልክትና የምትፈልጉትን ቡድን ስም ስጡት። ወደዚያ የሚያደርሱትን ቅርንጫፎች ብቻ ይተውላችኋል። ስሙንም እስከ መጨረሻው አንብቡ። በ2021 ስጋቱ ያለው ሎግፎርጄ-ኮር ላይ ነበር፤ ሎግፎርጄ-ኤፒአይን ብቻ አግኝቶ እንቅልፍ ያጣ ሰው በከንቱ ነው የደከመው። ግሬድል የምትጠቀሙ «ዲፔንደንሲ ኢንሳይት» የሚለውን ሥራ ጥሩት፤ የተመረጠውን ቨርዥን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደተመረጠም ጭምር ይጽፋል፤ በዚህ ከማቨን ይሻላል።

ጎ እና ረስት ላይ ብዙ አልቆይም። «ጎ ሞድ ዋይ» ከሰረዝ «ኤም» ጋር፣ «ካርጎ ትሪ» ከሰረዝ «አይ» ጋር፤ ሁለቱም ወደኋላ ይነበባሉ። «ካርጎ ትሪ» ከሰረዝ «ዲ» ጋር ደግሞ አንድ ፓኬጅ በሁለት ቨርዥን ተደርቦ ገብቶ ከሆነ ያጋልጣል።

ከመጫናችሁ በፊት

እስካሁን ያለው ከገባ በኋላ ነው። ከመግባቱ በፊት ዴፕስ ነጥብ ዴቭ የሚለውን ድረ ገጽ ክፈቱና የፓኬጁን ስም ጻፉ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ነው፤ የኤንፒኤምን፣ የፓይተንን፣ የማቨንን፣ የጎን፣ የካርጎንና የኑጌትን ፓኬጆች ይሸፍናል። ምንም ሳትጭኑ፣ ከበስተኋላው ስንት ፓኬጅ ይዞ እንደሚመጣ፣ ፈቃዳቸው ምን እንደሆነና የታወቀ ቀዳዳ ያለባቸው እንዳሉ ታያላችሁ። እኔ አስቀድሜ የማየው ሁለት ቁጥር ነው፦ ቀጥተኛው ስንት ነው፣ ተከትሎ የሚገባው ስንት ነው። ለአንዲት ትንሽ ሥራ በደርዘን የሚቆጠር ተከታይ የሚያመጣ ከሆነ፣ ያቺን ሥራ ራሴ ልጻፋት ወይ ብላችሁ አስቡ።

ድረ ገጹ የግንኙነቱን ሥዕልም ያሳያል፤ ሌሎችም እንዲህ ያለ ሥዕል የሚያወጡ መሣሪያዎች ሞልተዋል። ለስብሰባ ያምራል። ነጥቦቹ ከጥቂት ደርዘን ሲያልፉ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ወደ ጽሑፉ ተመለሱ።

ፕሮጀክቱ ሥራ ላይ ከዋለ ደግሞ ሲፍት በሚባለው መሣሪያ ውስጡ ያለውን ፓኬጅ ሁሉ በፋይል አስመዝግቡና ከእያንዳንዱ እትም ጋር አስቀምጡት። የጃቫ ጃር ፋይሎችን ከፍቶ በውስጣቸው የተደበቁ ጃሮችንም ያያል፤ በሎግፎርጄ ጊዜ ብዙዎችን ያደከመው ይኸው ነበር። ኦኤስቪ-ስካነር ደግሞ የመቆለፊያ ፋይላችሁን ከታወቁ ቀዳዳዎች መዝገብ ጋር ያስተያያል። ቀጣዩ ሎግፎርጄ ሲመጣ የምትፈልጉት ፋይል ውስጥ እንጂ ሰርቨር ላይ አይሆንም።

መሣሪያው የማያየው

እስካሁን የጠቀስኳቸው ትእዛዞች በአብዛኛው የሚያነቡት የተጻፈ መግለጫ ነው። ያልተጻፈውን አያዩም።

እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ኤክስዚ በሚባለው የማመቂያ መሣሪያ 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የኋላ በር ማግኘቱን ይፋ አደረገ። የተነጣጠረው ኤስኤስኤች ሰርቨሩ ላይ ነበር። የኦፕንኤስኤስኤችን የራሱን ኮድ ብታነቡ ግን ኤክስዚን የሚጠራ መስመር አታገኙም። ዴቢያንና ፌዶራን የመሳሰሉ ስርጭቶች ሰርቨሩ ከሲስተምዲ ጋር እንዲነጋገር በራሳቸው ማስተካከያ ያገናኙት ነበር፤ የሲስተምዲ ላይብረሪ ደግሞ የኤክስዚን ላይብረሪ ይጠራ ነበር። እንዲህ ያለውን ለማየት ኤልዲዲ የሚለውን ትእዛዝ የተገነባው ፋይል ራሱ ላይ አውሉት፤ ሲነሳ አብረውት የሚጫኑትን ላይብረሪዎች ሁሉ ይዘረዝራል። የማታምኑት ፋይል ላይ ግን አታሂዱት፤ ፋይሉን ሊያስነሳው ይችላል። በጎ የተገነባ ፋይል ከሆነ «ጎ ቨርዥን» ከሰረዝ «ኤም» ጋር ውስጡ የገቡትን ሞጁሎች ያወጣላችኋል።

ከዚህም የባሰ አለ፦ ተገልብጦ የገባ ኮድ። ለዚህ ምሳሌ ከቶሮንቶ መውጣት አያስፈልግም። ሄንሪ ስፔንሰር በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ጥናት ክፍል ውስጥ ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ጽሑፍ ውስጥ ቅርጽ የሚፈልግ ላይብረሪ፣ ማለትም የሬጉላር ኤክስፕሬሽን ኮድ፣ ጽፎ በነፃ ለቀቀ። ከዚያም ሌሎች ትውልዶችን ጻፈ። የፐርል ሞተር መነሻው ከመጀመሪያው ነው፤ ፖስትግሬስና ቲክል የኋለኛውን ይጠቀማሉ፤ ማይኤስኪውኤልም 8.0.4 እስኪወጣ ድረስ የእሱን ይጠቀም ነበር። ያን ጊዜ እንዳሁኑ በአንድ ትእዛዝ የሚያወርድ የፓኬጅ ማከማቻ አልነበረም፤ ሰው ፋይሎቹን ገልብጦ ራሱ ፕሮጀክት ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2015 ከትውልዶቹ በአንዱ፣ በ32 ቢት ሲስተሞች ላይ የሚታይ የሜሞሪ ስህተት ሲታወቅ፣ ፒኤችፒን ጨምሮ በየቤቱ የተቀመጠው ቅጂ ለየብቻው መጠገን ነበረበት። «አርዲፔንድስ» ብላችሁ ብትጠይቁ የሚመልስላችሁ አልነበረም፤ ማንም የሄንሪ ስፔንሰርን ኮድ ዲፔንደንሲ ብሎ አልመዘገበውምና።

ይህን በእጃችሁ ሞክሩት። ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ላይ እያንዳንዱ ፓኬጅ «ዩኤስአር»፣ «ሼር»፣ «ዶክ» በሚለው መንገድ ሥር በስሙ አቃፊ አለው፤ አብዛኛው አቃፊ ውስጥ «ኮፒራይት» የሚባል ፋይል አለ። «ግሬፕ» ከሰረዝ «ኤል» ጋር ጻፉ፣ «ሄንሪ ስፔንሰር» የሚለውን በእንግሊዝኛ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጉ፣ ከዚያ የነዚያን ፋይሎች መንገድ የፓኬጁን ስም በኮከብ ተክታችሁ ስጡት። በሚወጣው ዝርዝር ውስጥ ያሉት ፓኬጆች በዲፔንደንሲ ዛፍ ላይ እርስ በርስ ላይገናኙ ይችላሉ፤ የባለቤቱ ስም ግን አንድ ያደርጋቸዋል።

የራሳችሁ ፕሮጀክት ላይም እንዲሁ አድርጉ። «ቬንደር»፣ «ሊብ» ወይም «ተርድ ፓርቲ» የሚባሉ አቃፊዎችን ክፈቱና በእያንዳንዱ ፋይል አናት ላይ ያለውን የባለቤትነት ማስታወሻ አንብቡ። የእናንተ ያልሆነ ስም ያለበትን ፋይል ሁሉ፣ ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ቨርዥን እንደሆነና መቼ እንደተገለበጠ ፕሮጀክቱ ሥር በአንዲት የጽሑፍ ፋይል መዝግቡ። ቨርዥኑ ካልታወቀ የዋናውን ማከማቻ አውርዳችሁ «ዲፍ» በሚለው ትእዛዝ ከጥቂት እትሞች ጋር አስተያዩት፤ ልዩነቱ ያነሰበት እትም ብዙውን ጊዜ የተገለበጠው ነው። ቀሪው ልዩነት ደግሞ ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው በእጁ የለወጠው ስለሚሆን ለብቻው ፓች አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ አዲሱን እትም በምታስገቡበት ቀን ያስፈልጋችኋል።